ከወለሉ አንድ ስንዝር

«እንጨቷን ብቻ ነው የምፈልገው» አለ ሙስዐብ ከመጋረጃው ማዶ ቆሞ። «ሌላ ነገር ማፊ። ያቺን ከቢር የሚለካባትን እንጨት።»

ከመጋረጃው ወዲህ ያሉት ሴቶች ወደ ድምፁ ዞሩ። ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል አሥራ አራት ሴቶች ሰሌን ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። መሐላቸው የሟች ሚስት ሬሕማ አለች፤ የአገሩ ሰው ባል ለሞተባት ሴት እንደሚያለብሰው በነጭ ቶብ ተጠቅልላለች። ባሏ ከቢር ከተቀበረ ሦስት ሰዓት አልሞላውም። የመቃብሩ አፈር ገና ከወንዶቹ ጫማ ላይ አልረገፈም።

«ሬሕማ? ትሰሚኛለሽ አይደል?»

«ሰምታዎታለች» አለች በእሷ ፈንታ ጎረቤቷ ሉጥፊያ፣ የሻይ ብርጭቆዋን እንደያዘች። «ግን ይሄ እንጨት የሚጠየቅበት ቀን ነው? ሬሳ እኮ ነው የሸኘነው።»

«ለክፉ አይደለም፣ ወላሂ። ሆስፒታሉ ስልሳ አልጋ ሊያሠራ ነው። ኮሚቴው በሚመጣው ሳምንት ናሙና ያያል። ‹ከወለሉ አንድ ስንዝር እስኪቀረው የሚወርድ› ነው ያሉት፤ ያ ደግሞ የከቢር ነው። ስሙን ነው የማስጠራለት!» ሙስዐብ ገዳሪፍ የተወለደ የወሎ ሰው ልጅ ነው። አማርኛውን ከአባቱ አፍ ቃርሞ ነው ያደገው፤ ሲጎድልበት በዐረብኛ ይሞላዋል። የብረት ሥራ ቤቱ ሰናዒያ በሚሉት የአንጥረኞችና የመካኒኮች ሰፈር ነው፤ ከቢርም እዚያ ሲሠራለት ነበር፣ ከአራት ወር በፊት ተጣልተው እስኪለያዩ። «ደፍተሩ እኔ ጋ አለ። ግን ቁጥር የለውም። የትም ብትገልጭው ‹በእንጨቷ› ‹በእንጨቷ› ነው የሚለው። መጅኑን ነበር ሰውየው፣ አላህ ይርሐመው።»

ሬሕማ ቀና አለች። አራት ወር ሙሉ ከቢር ያን ደፍተር ሲፈልገው ነበር። ልብስ ሻንጣውን ሦስት ጊዜ ገልብጧል።

«ሦስቱ ቀን ይለፍ» አለች። የድምጿ እርጋታ ራሷን ገረማት። «ፍራሽ ሲነሣ ይምጡ። ያን ጊዜ እሰጥዎታለሁ።»

«ባረከላሁ ፊኪ! ባረከላሁ ፊኪ፣ እህቴ!»

ምን እንደምትሰጠው ገና አላወቀችም። በደህና እንደማትሸኘው ብቻ ነው ያወቀችው።

*

እንጨቷ በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥላለች። ቁመቷ ከሰው እምብርት ይደርሳል፤ ጎኗ ላይ በቢላ የተፈለፈሉ አምስት ምልክቶች አሏት። ከቢር ብረት ሥራ ከመግባቱ በፊት ኦምዱርማን ውስጥ፣ ዐንገሬብ የሚባለውን በገመድ የሚጠለፍ የእንጨት አልጋ ከሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ጋር ሦስት ዓመት ሠርቷል። ሽማግሌው ቁጥር ሳያውቁ፣ በአንዲት ምልክት ያለባት እንጨት ብቻ መቶውንም አልጋ አንድ ዓይነት አድርገው ያወጡ ነበር። ከቢር በኋላ ሜትር መያዝ ሞክሮ ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ሦስት የሜትር መለኪያ ገዝቶ መጣና ሬሕማ ፊት ጎን ለጎን ዘረጋቸው። መጨረሻቸው ላይ ሲደርሱ ሦስቱም ሌላ ሌላ ቦታ ቆሙ።

«በየትኛው ልመን?» አላት። «እንጨት ግን ከራሷ ጋር አትጣላም።»

ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ሬሕማ ጀብራ ሰፈር አንዲት አሮጊት ሐጃ ታስታምም ነበር። ሐጃ ከአልጋ ይወድቃሉ። ልጆቻቸው ያልሞከሩት የለም። ዙሪያውን በትራስ አጠሩላቸው። የብረት አጥር ገጠሙላቸው፤ ሐጃ አጥሩን ተሻግረው ከበለጠ ከፍታ ወደቁ። ፍራሹን መሬት ላይ ሲያነጥፉላቸው ደግሞ ሬሕማ ለማጠብና ለማንሣት ጎንበስ ቀና ስትል ወገቧን ተያዘች። በመጨረሻ እጃቸውን በሻሽ ማሰር ተጀመረ። ከቢር አንድ ጁምዓ ሬሕማን ሊወስዳት ሲመጣ ያን ሻሽ አየ።

«ሐጃ፣ ለምንድነው የሚወርዱት?» ብሎ ጠየቃቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ይህን አልጠየቃቸውም።

«ለሱብሒ ሶላት ነዋ!» አሉ ሐጃ፣ ከሞኝ ጋር እንደሚነጋገሩ ሁሉ።

ቤት ሲደርሱ ከቢር በር ላይ ቆመና «ሰው ተኝቶ አይወድቅም» አለ። «ሊነሣ ሲል ነው የሚወድቀው። አስታማሚዋ ከፍ ያለ ትፈልጋለች፤ በሽተኛው ዝቅ ያለ ይፈልጋል። አልጋው አንድ ቦታ ቆሞ ሁለቱን ያጣላቸዋል።»

አዲሱ አልጋ አራት ወር ፈጀበት። መነሻው የመኪና ጎማ ሲቀየር ከሥር የሚገባው ክሪክ ነበር፣ እዚህ አገር ዐፍሪታ የሚሉት። እግሮቹን እንደ መቀስ አጣጠፋቸው፤ መሐላቸው ረጅም ጠመዝማዛ ብረት አስገባ፤ በራስጌው በኩል የሚዞር እጀታ ገጠመ። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚቆም አልጋ አልጋ አይደለም ብሎ ሞተር የሚባል ነገር አላስገባበትም። ችግሩ የመቀሱ እግሮች የሚገናኙባት ቀዳዳ ነበረች። ለእሷ ሲል አሥራ አንድ እንጨት ለክቶ አሥራ አንዱንም ማገዶ አደረገ።

የሚፈትነው በሬሕማ ነበር። አልጋው ላይ ያስተኛትና እጀታውን አዙሮ ያወርዳታል።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» ይላታል። «አሁን ውረጂ። እግርሽ ከፈራ ንገሪኝ።»

ብዙ ቀን እግሯ ፈራ። አንድ ቀን ማለዳ ግን ወለሉን ሳትፈልገው አገኘችው፤ በገዛ ቤቷ ከበርጩማ እንደመነሣት ያለ ነገር ነበር። ከቢር ከአልጋው ጎን ወለሉ ላይ ተጋድሞ ያደምጥ ነበር። ተነሥቶ እንኳን አላቀፋትም።

«በይ አንዴ ድገሚው» አላት ከዚያው።

ሐጃ በዚያ አልጋ ላይ ሁለት ዓመት ሲተኙ አንድ ቀን አልወደቁም። ከቢር ስሙን አልጻፈበትም። አስቸጋሪ ሰው ነበር። ለማንም አያስረዳም፤ ሬሕማ ‹ቁጥሩን ጻፈው፣ ነገ ብትሞትስ?› ስትለው ‹ነገ ከሞትኩ አንቺ አለሽ› ብሎ ያኮርፋታል። ቅር ያለውን ነገር ውጦ ይተኛል እንጂ አይናገርም። ከሙስዐብ ጋር የተጣላ ዕለትም እንጨቷን ይዞ መጣና ሚስማሩ ላይ ሰቀላት። «ተለያየን» አለ፤ በዚያው አበቃ።

*

በሁለተኛው ቀን ሰው በዛ። ከሳጃና ሰፈር አበሾቹ መጡ፣ ከሰናዒያ ብረት ሠሪዎቹ፣ ከጎረቤት ሱዳናውያኑ በትልልቅ ትሪ ፉልና ኪስራ ጭነው። የዚህ አገር ለቅሶ በእጅ ነው። የሚመጣው ሰው ደጃፉ ላይ መዳፉን ዘርግቶ «አል-ፋቲሐ» ይላል፤ ሐዘንተኛው የያዘውን ሁሉ አስቀምጦ መዳፉን ይዘረጋል፤ የቁርኣኑን መክፈቻ አብረው አነብንበው ፊታቸውን በመዳፋቸው ይጠርጉና ይቀመጣሉ። መዳፉን ያልዘረጋ ሐዘንተኛ ታይቶ አይታወቅም። ቢታይ ከደም የማያንስ ጠብ ነው።

ሬሕማ ትዘረጋለች፣ ትጠርጋለች። በመሐሉ የሴቶቹ ሹክሹክታ ይደርሳታል።

«ከአልጋ ወድቆ ነው አሉ።»

«የሚወርደውን አልጋ የሠራው እሱ አይደለም እንዴ?»

«ታዲያ! የሠራው አልጋ ነዋ የጣለው።»

አንዷ ሳቋን በሻሿ አፈነች። ሉጥፊያ ዞር ብላ «አንቺ፣ ሳቅሽን ለሠርግ አስቀምጪው፤ ልጅሽን ገና አልዳርሽም» አለቻትና ሴትየዋ አቀረቀረች። ቃሉ ግን ከአፍ ወጥቷል። በሬሕማ ደረት ውስጥ እንደ ትኩስ ፍም ተቀመጠ። ሰውየውን ቀበሩት፤ አሁን ደግሞ ሥራውን ሊቀብሩት ነው።

ከቀትር በፊት ዛሂራ መጣች። ዛሂራ የደሴ ልጅ ናት፤ ከቢር በትኩሳት ታሞ ተኝቶ የሞተበት ክሊኒክ ውስጥ በሽተኛ ታገላብጣለች፣ ታጥባለች። ከሬሕማ አጠገብ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ የቶቧን ጫፍ ስትጠቀልል ቆየች።

«እትዬ ሬሕማ፣ እኔ ነበርኩ ተረኛዋ» አለች ቀስ ብላ። «ማታ አልጋውን ያወረድኩት እኔ ነኝ። እጀታው እምቢ እስኪል ድረስ አዞርኩት፣ ወላሂ። መብራት አልነበረም፣ ግን እምቢ ካለ ታች ደርሷል ማለት ነው ብዬ…»

«ከዚያስ?»

«እሱ ነቅቶ ነበር። ትኩሳቱ ላይ ነው፣ ይቀባዥራል። እጁን ሰድዶ የአልጋውን ጠርዝ ዳበሰ፤ እጀታውን ዳበሰ። ሳቀ። ‹ይቺማ የኔ ናት› አለኝ። ሌላ በሽተኛ ጠራኝና ሄድኩ። አዛን ሊል ሲል ነው ድምፁን የሰማሁት።» ዛሂራ ዓይኗን በቶቧ ያዘች። «ሲነጋ አየሁት። አልጋው የኔ ጉልበት ላይ ነበር የቆመው። ስምንቱም እንደዚያ ናቸው፣ እትዬ። ከጉልበት በታች አይወርዱም።»

ሬሕማ መዳፏን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። ጉልበት። የከቢር አልጋ ጉልበት ላይ ቆሞ አያውቅም። እስከ መጨረሻው ሲወርድ ከወለሉ አንድ ስንዝር ነው የሚቀረው፤ ይህን በእግሯ ታውቀዋለች። ሰውየው በጨለማ የራሱን ብረት ዳብሶ አወቀው፣ አመነውም፤ ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚወርድ ሰው ወረደ። ቅርጹ የእሱ ነው፣ እጀታው የእሱ ነው። ልኩን ግን ሌላ ሰው ቆርጦታል። ከቢርና ሙስዐብ ለምን እንደተጣሉ አሁን ገባት።

ከዙህር ሶላት በኋላ ሴቶቹ አንዷ በአንዷ ትከሻ ላይ አሸለቡ። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል። ሬሕማ ተነሥታ እንጨቷን ከሚስማሩ አወረደችና ማድ ቤት ተብላ በምትጠራዋ ጥግ ገባች።

የትኛዋን ምልክት እንደምትነካ ታውቃለች። ሦስተኛዋ የቀዳዳዋ ናት። በአውራ ጣት ስፋት ብትዛነፍ ባዶ አልጋ ላይ አይታወቅም፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ኮሚቴ ያጨበጭባል። ሰው ተኝቶበት መውረድ ሲጀምር ግን መቀሱ ልኩን አልፎ ይከፈታል፣ አልጋውም በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ከቢር ከአሥራ አንዱ በአንዱ እንጨት እንደዚያ ሲሆን አይታለች፤ ደግነቱ ያን ቀን የተጫነው የሲሚንቶ ከረጢት ነበር።

ቢላው ስለት ነበረው። ከሦስተኛዋ በአውራ ጣት ስፋት አልፋ አዲስ ምልክት ፈለፈለች። በዓይነ ሕሊናዋ ሙስዐብን አየችው፤ በተተኮሰ ጀለቢያው ኮሚቴ ፊት ቆሞ፣ «የኔ ሥራ ነው» እያለ። ከዚያ የብረቱን ጩኸት ሰማችው፤ ፊቱ ሲለወጥ አየችው፤ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሲወስዱት፣ የሥራ ቤቱ በር ሲታሸግ። ጣፈጣት። አላህ ይቅር ይበላትና፣ ከሁለት ቀን ወዲህ በአፏ የዞረ ምግብ ሁሉ አፈር ሲሆንባት ይህ ብቻ ጣፈጣት። አዲሱን ፍልፍል እንዳያስታውቅ በሻይ አተላ አሸችው። አሮጌውን በሳሙና ፍቅፋቂ ደፈነችና ከወለሉ አቧራ ቀባችው። ከቢር እንኳ ቢያያት በመጀመሪያ እይታ አይለያትም።

እንጨቷን መልሳ ሰቀለችና ቦታዋ ተቀመጠች። ሉጥፊያ አንድ ዓይኗን ገልጣ «ምን ስትሠሪ ነበር?» አለቻት።

«የሙስዐብን ዕቃ ሳዘጋጅለት።»

*

ዐስር ከተሰገደ በኋላ ሸዋንግዛው መጣ። ሸዋንግዛው አገሩ ሳለ አስተማሪ ነበር፤ በፖለቲካ ተሰድዶ ካርቱም ከገባ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ሰናዒያ ውስጥ የከቢር የሥራ ጓደኛ ነበር፤ አሁንም ሙስዐብ ጋ ቶርኖ በሚሉት የብረት ማሽን ላይ ይሠራል። በመጋረጃው ማዶ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«ሬሕማ፣ እግዜር ያጽናሽ። አንድ የደበቅኩሽ ነገር አለ።»

«የክሊኒኩ አልጋ ነው?»

«ማን ነገረሽ?»

«ከቢር ራሱ። ወድቆ ነገረኝ።»

ሸዋንግዛው ነገሩን ከመነሻው ነገራት። ከጦርነቱ በኋላ፣ ሆስፒታሎቹ እስከ በራቸው ማጠፊያ ተዘርፈው ባዶ በቀሩበት ጊዜ፣ ሙስዐብ የመጀመሪያዎቹን ስምንት አልጋዎች ለክሊኒኩ ተዋዋለ። ረጅሙ ጠመዝማዛ ብረት አልተገኘም። ከተቃጠሉ መኪኖች የተፈቱ አጫጭር ክሪኮች ግን በየመንገዱ ነበሩ። እነሱን ገጠሙበት።

«ከቢር ሲመጣ አልቀው ነበር» አለ ሸዋንግዛው። «ተንበርክኮ በስንዝሩ ለካው። ሁለት ስንዝር ተኩል። ‹ይሄ የኔ አይደለም፣ አይውጣ› አለ። ሙስዐብም ‹ከወለሉ ምን ያህል እንደቀረው ማን ይለካዋል?› ሲል ሳቀበት። ከቢር ምን አለው መሰለሽ? ‹የሚወርደው በሽተኛ በእግሩ ይለካዋል።› በዚያው ቀን ሙስዐብ አባረረው። ደፍተሩንም ደብቆ አስቀረበት።»

«አንተስ?»

«እኔ ብረት እየቆረጥኩ ነበር» አለ ሸዋንግዛው። «ቀና ሳልል።»

ሉጥፊያ ሻይ ቀድታ በመጋረጃው ሥር ሰደደችለት።

«ትናንት ደግሞ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ‹የከቢር አሠራር ስህተት ነበረው፣ እኔ ነኝ የማስተካክለው› ሲል ሰማሁት» ብሎ ቀጠለ። «ስልሳውን ሊወስድ ነው። እንጨቷን ትሰጪዋለሽ አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲህ ስጪው፤ ምን ይደረጋል። ቢያንስ ልኩ ይሆናል። ናሙናውን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ከሥሩ ገብቼ ቡሎኑን የማጠብቀው እኔ ነኝ፤ ከቢር እንዳለ ቆጥሬ ነው የምሠራው። ከዚያ ወዲያው ሆስፒታል ይገባል፤ ወለል ላይ የሚተኙ ስንት አሮጊቶች አሉ።»

ሬሕማ በሩ ጀርባ ወደተንጠለጠለችው እንጨት ዞረች።

ሸዋንግዛው ከሥሩ። አንዲት ሐጃ ከላዩ። ሙስዐብ የት አለ? ቀትር ላይ በዓይነ ሕሊናዋ ያየችውን ነገር እንደገና ልታየው ሞከረች፤ ብረቱ ሲወድቅ ሙስዐብ ቆሞ ነው። ጀለቢያው አልቆሸሸም። ሙስዐብ ከአልጋው ሥር አይገባም፤ ከላዩም አይተኛም። ብረት ወደ እሱ የሚደርስበት መንገድ የለውም።

ንዴቷ አልበረደም። እንዲያውም ባሰበት፤ ቀዝቅዞ ጠነከረ። ሰውየው የሚፈልገው ምንድነው? እንጨቷን አይደለም። እንጨቷን ብቻውን መያዝ ነው።

«ሸዋንግዛው፣ ሰናዒያ ውስጥ ስንት ብረት ሠሪ ተርፏል?»

«ጦርነቱ ያልበተነው? ሃያ ይሆናል።»

«ነገ ከዙህር በፊት አምጣልኝ። ለፍራሽ ማንሻ ይምጡ በላቸው። እያንዳንዱ አንድ አንድ ቀጥ ያለ እንጨትና ቢላ ይያዝ።»

ሸዋንግዛው መጋረጃውን ፊቷን እንደሚያይበት ሁሉ ትኩር ብሎ ተመለከተው። «እንጨቷን ለሁሉም?»

«ለሁሉም። ኮሚቴው ከፈለገው ሰው ይግዛ። ሃያ ሰው የሚሠራውን እሱ ‹የኔ› ይበል እስኪ።»

*

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሬሕማ ሳሙናውን ከአሮጌው ምልክት በወስፌ ስትጠርግ ሉጥፊያ አጠገቧ ተቀመጠች። ምን እንደሆነ ሳትጠየቅ ገባት።

«ያ አላህ! አንች ልጅ!» አለች በሹክሹክታ። «እኔ ደግሞ ትጣይዋለሽ እንጂ ትገድይበታለሽ ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

«ቀሪውን ስሚ» አለች ሬሕማ፣ ዓይኗን ከእንጨቷ ሳታነሣ። «ከቢርን ክሊኒክ ያስተኛሁት ማታ ሊነሣ ይታገላል። ‹የት ነው ያለሁት? የት ነው ያስተኛሽኝ?› ይለኛል። ቅርጹን አየሁት፣ የሱ አልጋ ነው። እጁን ይዤ ጠርዙ ላይ አኖርኩለት። ‹አብሽር፣ በራስህ አልጋ ላይ ነህ› አልኩት።»

ሉጥፊያ ወደ እሷ ተጠጋች።

«በዚያ ቃል ነው ተረጋግቶ የተኛው። በዚያ ቃል ነው የወረደው። ሙስዐብ ብረቱን ቆረጠ፤ ‹እመነው› ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አለማወቅሽን አላህ ያውቀዋል» አለች ሉጥፊያ በመጨረሻ። ወስፌውን ከእጇ ተቀበለችና የቀረችውን ሳሙና እሷ ጠረገችላት።

ብረት ሠሪዎቹ ሃያ ሦስት ሆነው መጡ። ደጃፉ ላይ ያለው ድንኳን ጥላ ሥር በክብ ተቀመጡ። ሬሕማ እንጨቷን በመጋረጃው ሥር አወጣችላቸው፤ ሸዋንግዛው ተቀበለ።

«አራተኛ ሆና የምትታየዋን አትንኩ» አለች፣ ወንዶቹ ሁሉ እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ሴቶቹ ተያዩ፤ ከተቀበረ ሦስት ቀን ያልሞላው ባል ያላት ሴት እንዲህ አትናገርም። «እውነተኞቹ አምስት ናቸው። ያቺ ትርፏ የከቢር አይደለችም። የኔ ናት። ትናንት ፈለፈልኳት።»

«ለምን?» አለ ሸዋንግዛው።

«ለሙስዐብ ነበር።»

ሸዋንግዛው እንጨቷን ወደ ብርሃን አዙሮ ምልክቷን በጥፍሩ ዳበሰ። ምን እንደምታደርግ ለማስላት ጊዜ አልወሰደበትም።

«ከሥሩ እኔ ነበርኩ» አለ።

«አዎ። ስትነግረኝ ነው ያወቅኩት። አውፍ በለኝ።»

ሸዋንግዛው ኪሱ ውስጥ ያለውን እርሳስ አውጥቶ በሐሰተኛዋ ምልክት ላይ መስቀለኛ ጭረት አሰመረባትና እንጨቷን ለቀጣዩ ሰው አሳለፈ። ብዙም ሳይቆይ ከድንኳኑ የቢላና የእንጨት ድምፅ ብቻ ይሰማ ጀመር። ሃያ ሦስት ሰው አንገቱን ደፍቶ ይፈለፍላል። ሸዋንግዛው እየዞረ ያያል፤ አስተማሪነቱ ተመልሶበታል፤ «አንተ፣ የሰው ሥራ ከመቅዳትህ በፊት ቢላህን ሳል» እያለ ይሰድባቸዋል።

ሙስዐብ የደረሰው እንጨቷ ወደ መጨረሻው ሰው ስትሸጋገር ነው። ቆመ። ክቡን አንድ በአንድ አየው፤ ሁሉንም ያውቃቸዋል፣ ግማሾቹ ተቀናቃኞቹ ናቸው።

«ምንድነው ይሄ?» አለ። «ሬሕማ! ምንድነው?»

«ናና ውሰዳት» አለች ሬሕማ ከመጋረጃው ጀርባ። «የኔ ሰዎች ጨርሰዋል።» እስከዚያ ቀን ድረስ አንቱ ከማለት በቀር ሌላ ብላው አታውቅም። ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ያዙ፤ እሱ ግን በአባቱ አማርኛ ያንን ለመለየት አልበቃም።

«ለኔ ነው ብለሽ ነበር!»

«ለአንተም አለ። ሃያ አራተኛው ነህ። እንጨት ከሌለህ ይሰጡሃል።»

አንዱ ሳቀ። ሌላውም ተከተለው። ሙስዐብ ጀርባው እስኪርስ ላብ አጠመቀው።

«የክሊኒኩ ስምንት አልጋ ጉልበት ላይ ነው የሚቆመው» አለች ሬሕማ፣ ቃሉን አንድ በአንድ፣ ለሁሉም። «የከቢር አልጋ ከወለሉ አንድ ስንዝር ነው። ባሌን የጣለው የባሌ አልጋ አይደለም፤ የአንተ ነው። ሸዋንግዛው ነገ ለኮሚቴው በጽሑፍ ይነግራቸዋል። ስምንቱን ቀይር፤ ሰባት ሰው ዛሬም ላያቸው ላይ ተኝቷል።»

ሙስዐብ ወደ ሸዋንግዛው ዞረ። «አንተ ከኔ ጋር ነህ የምትሠራው።»

«ነበር» አለ ሸዋንግዛው። በዚህ ጊዜ ቀና ብሎ ነበር።

ሙስዐብ ሊሄድ አልቻለም። ሃያ ሦስት ሰው እያየው፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ከለቅሶ ቤት ተባርሮ እንደወጣ ሰው መሄድ ሰናዒያ ውስጥ ዕድሜ ልክ የሚወራበት ነገር ነው። አሰበና የቀረችውን አንድ መንገድ ያዘ። ፊቱን ወደ መጋረጃው አዞረ፤ ሁለት መዳፎቹን ዘረጋ።

«አል-ፋቲሐ!» አለ ጮክ ብሎ።

ወንዶቹ እንጨቶቻቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መዳፋቸውን ዘረጉ። ማንም ይጥራው ማን፣ ፋቲሐ ለሟቹ ነው። ሸዋንግዛው ቆቡን አወለቀ። ከመጋረጃው ወዲህ ሉጥፊያ ዘረጋች፤ ዛሂራ ዘረጋች፤ ሴቱ ሁሉ ዘረጋ።

የሬሕማም እጆች ከጭኗ ላይ ተነሡ። እሷ አላዘዘቻቸውም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ተነሥተው ተነሥተው ለምደዋል። ለአንድ አፍታ አየቻቸው። ከዚያ አንዱን በሌላው ይዛ ወደ ታች መለሰቻቸው፣ ከጭኗ ሥር ከተተቻቸውና በሙሉ ክብደቷ ተቀመጠችባቸው። የሰሌኑ ጥልፍ መዳፏ ላይ ሲታተም ተሰማት። ውጭ «አሚን» ተባለ። የሰውየው ኮቴ ከመንገዱ እስኪጠፋ ድረስ አላወጣቻቸውም፤ እንባዋን የሚጠርግላት እጅ አልነበራትም።